ከዲንሾ እስከ ሐረና፦ ከፍታን በአበባ መለካት

ከዲንሾ ተነስቶ የዌብን ወንዝ ሸለቆ የሚከተለው፣ የሳነቴን አምባ አቋርጦም ወደ ሐረና ደን የሚወርደው የእግር መንገድ፣ በባሌ ተራሮች ከሚደረጉ ጉዞዎች ሁሉ ብዙ ዓይነት አገር የሚያሳይ ነው። መነሻው ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መካከሉ 4,000 ሜትርን ያልፋል፤ መጨረሻው የዱር ቡና ወደሚበቅልበት ሞቃት ጫካ ይወርዳል። ሳይጣደፍ ለሚሄድ መንገደኛ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይበቃዋል። በእነዚህ ጥቂት ቀናት ከጥድ ወደ ውርጭ ምድር፣ ከውርጭ ምድር ወደ ጉም ደን፣ ከዚያም ወደ ወይና ደጋ ይሻገራል።

ይህን ሁሉ ለውጥ ለማወቅ የከፍታ መለኪያ መያዝ ግድ አይደለም፤ አበቦቹ ይናገራሉ። ኮሶ ያለበት ቦታ አንድ ደረጃ ነው፤ አስታ የሚነግሥበት ሌላ፤ ጅብራ ብቻውን የሚቆምበት ሌላ፤ እንሶስላ በጥላ ውስጥ የሚያብብበት ደግሞ ሌላ። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ እንግዳ አይደሉም። ኮሶን በመድኃኒትነቱ፣ እንሶስላን በእጅና በእግር ማስዋቢያነቱ፣ ጦስኝን በሻይ ላይ፣ አደይን በእንቁጣጣሽ ያውቃቸዋል። ከቤት ውስጥ የሚታወቀው ነገር በተራራው ላይ የራሱ መንደር፣ የራሱ ጎረቤትና የራሱ ወቅት እንዳለው ማየት የዚህ መንገድ ዋናው ትምህርት ነው።

ተራራውና ወቅቱ

የባሌ ተራሮች ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። መሠረታቸው ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ የቀለጠ ዐለት ሲሆን፣ ቅርጻቸውን ግን ውሃና በረዶ አስተካክለውታል። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ቢያንስ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው የተራራው አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። ግግሩ ሲንቀሳቀስ ያንከባለላቸው ቋጥኞችና የቦረቦራቸው ጎድጓዳ ስፍራዎች ዛሬም በመንገዱ ላይ ይታያሉ።

አካባቢው በብሔራዊ ፓርክነት የተከለለው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ለዚህ መነሻ ከሆኑት ምክንያቶች ዋነኛው ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ደጋ አጋዘን ነበር። ሌስሊ ብራውን የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ በእንስሳው ላይ ጥናት ካካሄደ በኋላ ስፍራው እንዲጠበቅ አሳስቧል። ፓርኩ ዛሬ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በተራሮቹ ላይ ከ1,300 በላይ የአበባ ዕፅዋት ዝርያዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ160 የሚበልጡት ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም።

ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ከመጋቢት ጀምሮ ይጥላል፤ ዋነኛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው፤ ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል። ስለዚህ መንገደኛው ጊዜውን መምረጥ አለበት። አበባውን የሚፈልግ ዝናቡ እያበቃ ሳለ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይሄዳል፤ ጭቃውንና የከሰዓት በኋላውን ጉም ይታገሣል። ጥርት ያለ እይታና ደረቅ መንገድ የሚፈልግ ታኅሣሥንና ጥርን ይመርጣል፤ ሜዳው ግን ቢጫ ሣር ሆኖ ይጠብቀዋል። የቡና አበባ ማየት የሚሻ ደግሞ የበልግ ዝናብ ሲጀምር ሐረና መድረስ ይኖርበታል።

ዲንሾ፦ ጥድ፣ ኮሶና አምጃ

ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ሮቤ የሚወስደው መንገድ ዲንሾን አቋርጦ ያልፋል። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው እዚህ ነው። የአካባቢው አስጎብኚዎች፣ ጓዝ የሚጭኑ ፈረሶችና ፈረስ ሳቢዎችም የሚገኙት እዚሁ ነው። ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ያለው ኮረብታ በሐበሻ ጥድ፣ በኮሶና በአምጃ የተሸፈነ በመሆኑ ጉዞው ገና ሳይጀመር ደኑ ይቀበላል።

ጥዱ ቀጥ ብሎ፣ ጠቆር ብሎ ይቆማል። ኮሶው ግን ግንዱ ጠመም ያለ፣ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚንጠለጠል፣ ቅርንጫፉ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ዛፍ ነው። አበባው በዘለላ ወደ ታች ይወርዳል። ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ ላይ ስለሚያብቡ ከሩቅ በቀለም ይለያሉ፤ የወንዴው ዘለላ ወደ ነጭና ወደ ቢጫ ያደላል፣ የሴቴው ቀላ ያለ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር ከሆዱ ትሉን ሲያስወጣ የኖረው የሴቴውን አበባ አድርቆና ፈጭቶ በመጠጣት ነው። ክኒን ከመጣ ወዲህ ያን ዱቄት የቀመሰ ሰው እያነሰ ሄዷል፤ ምሬቱ ግን በንግግር ውስጥ ቀርቷል። አንድ ነገር «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚል የከተማ ልጅ ዲንሾ ሲደርስ የቃሉን ባለቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ሊያየው ይችላል።

ከኮሶው ሥር አምጃ ይበቅላል። አምስት ቅጠል ያለው ደማቅ ቢጫ አበባው ከጨለማው ጥድ መካከል ጎልቶ ይወጣል፤ ቅጠሉ በጣት ሲታሽ የቅመም ሽታ ይሰጣል። ደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ በዚህ ጥላ ውስጥ ያርፋሉ። ተባዕቱ አጋዘን ወደ ላይ የተጠማዘዘ ረጅም ቀንድና ግራጫ ቡናማ ጠጉር ያለው፣ ከብት የሚያህል እንስሳ ነው። ለሳይንስ ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ብቻ ነው፤ ይህን የሚያህል እንስሳ እስከዚያ ድረስ ሳይመዘገብ መቆየቱ ተራራው ምን ያህል ገለልተኛ እንደነበር ያሳያል።

ከዲንሾ በስተሰሜን የገይሳይ ሜዳ ይዘረጋል። እዚህ ደኑ ገለጥ ይልና ቁጥቋጦ ይተካዋል። ግራጫማው ጭቁኝ በጠዋት ጤዛ ሲነካ ሽታው አየሩን ይሞላል። በመካከሉ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ የተባለው የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ተክል ይቆማል፤ ረጅም ዘንጉ ጫፍ ላይ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ጠባብ አበቦች ተደራርበው ስለሚበቅሉ የተለኮሰ ችቦ ይመስላል። አጋዘኑ ጭቁኙንም ይህንንም ተክል ይመገባል። በመስከረም በየማሳው ጠርዝ አደይ ይፈካል፤ በርጥቡ ሣር ውስጥ ማጌጥ ያብባል፤ በቁጥቋጦው ዳር ደግሞ ቀጋ ነጭ አበባውን ይዘረጋል። ቀጋ ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ ነው። እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ግን በአበባው ሳይሆን በቀይ ፍሬው ያስታውሰዋል።

የዌብ ሸለቆ፦ ጦስኝ፣ ዋሻና ቀይ ቀበሮ

ከዲንሾ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ቀስ በቀስ ዛፉን ትቶ ወደ ሰፊ ሸለቆ ይገባል። የዌብ ወንዝ በሣርና በረግረግ መካከል እየተጠማዘዘ ይፈስሳል። ይህ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ርቆ ሲሄድ የሶፍ ዑመርን ታላቅ ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈው ራሱ ነው። እዚህ ገና ጅረት ነው፤ ፈረስ በቀላሉ ይሻገረዋል።

በሸለቆው ውስጥ አበባ የሚፈለገው ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ነው። ጦስኝ በድንጋዮቹ መካከል ተነጥፎ ሐምራዊ ትናንሽ አበባ ያወጣል፤ የፈረስ ኮቴ ሲረግጠው ሽታው ይነሣል። ይህ ዝርያ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ደርቆ በገበያ ሲሸጥ የሚያውቀው ሰው እዚህ ሥር ሰድዶ፣ ንብ ሲመላለስበት ያገኘዋል። ከጦስኙ ጋር ሄሊክሪሰም የሚባሉት ዕፅዋት ይጀምራሉ። የእነዚህ አበባ እንደ ወረቀት ደረቅ ስለሆነ ከተቆረጠም በኋላ ቀለሙና ቅርጹ አይጠፋም።

በዚህ በፓርኩ ምዕራብ ክፍል ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዐለት ጥግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የአርኪዮሎጂ ጥናት እንዳሳየው ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን እዚህ፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር። በጊዜው ከበላያቸው የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር። መሣሪያቸውን ከአካባቢው የባልጩት ድንጋይ ይሠሩ ነበር፤ ምግባቸውም በአብዛኛው ትልቁ ፍልፈል ነበር። የሰው ልጅ ከፍተኛ ተራራን መኖሪያ እንዳደረገ ከሚያሳዩት የዓለም ማስረጃዎች ይህ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይቆማል።

ያ ፍልፈል አሁንም አለ። እስከ 1 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ይህ እንስሳ በዓለም ላይ የሚገኘው በባሌ ተራሮች ብቻ ነው። ከጉድጓዱ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር አጭዶ ተመልሶ ይገባል። አድፍጦ የሚጠብቀው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ ቀርቷል ከሚባለው 500 ያህል ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ላይ ነው። ኦሮሞዎቹ የባሌ አርብቶ አደሮች «ጀዳላ ፈርዳ» ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው። ሊወልዱ የተቃረቡ ፈረሶችንና ላሞችን ተከትሎ ስለሚታይ የተሰጠው ስም ነው ይባላል። ፍልፈሉ መሬቱን ሲቆፍር አፈሩን ያገላብጣል፤ በተገላበጠው አፈር ላይ አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ አበባው፣ ፍልፈሉና ቀበሮው በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው።

ሰንሰለቱን የሚያላላው የከብት ብዛት ነው። አርብቶ አደሩ ከብቶቹን በወቅቱ ወደ ከፍታው የማውጣት ጥንታዊ ልማድ አለው፤ በአካባቢው «ጎዳንቱ» ይባላል። ልማዱ ሲጀመር ከብቱ ወቅት ጠብቆ ይወጣና ይወርድ ነበር። አሁን ግን ዓመቱን ሙሉ በሸለቆው የሚሰፍር ሰው በዝቷል። ሣሩ ሲነጭ በቅድሚያ የሚጠፉት ለመንገደኛ ዓይን የሚማርኩት ለስላሳ አበቦች ናቸው። ከብት የማይበላቸው እሾሃማዎቹና ሽታ ያላቸው ይተርፋሉ። በአንድ ሜዳ ላይ ጭቁኝና እሾህ ብቻ በርክቶ ሲታይ አፈሩ ምን እንዳሳለፈ ማንበብ ይቻላል።

አስታ፦ በእሳት መካከል የሚኖር ደን

ከ3,300 ሜትር በላይ ኮሶው እየሳሳ ይሄድና አስታ ይተካዋል። በኦሮምኛ «ሳቶ» ይባላል። ከታች በኩል፣ ነፋስ ባልበረታበት ቦታ፣ አስታ እውነተኛ ዛፍ ነው። ግንዱ ተጠማዝዞ ይበቅላል፤ ከቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት የሚባለው ግራጫ ሽፋን ይንጠለጠላል፤ መሬቱ በወፍራም ሣርና ሞስ በሚባለው እርጥበት በሚይዝ ለስላሳ ተክል ተሸፍኗል። ከፍ ሲባል ቁመቱ ያጥራል፤ ወደ 3,800 ሜትር ሲጠጋ ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ ይሆናል። አንድ ተክል በእነዚህ ጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ከዛፍነት ወደ ቁጥቋጦነት ሲለወጥ ማየት ብርድ ምን እንደሚሠራ ያስረዳል።

የአስታ አበባ ትንሽ ነው፤ ከነጭ እስከ ፈዛዛ ሮዝ የሚሄድ ደወል ይመስላል። አንዱ ለብቻው ልብ አይባልም። ተራራው ሙሉ ሲያብብ ግን ገደሉ ሁሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ የንቦቹ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

አስታ ቅጠሉ ዘይት ስላለው በቀላሉ ይነዳል። አርብቶ አደሩ አዲስ ሣርና ለጋ ቅርንጫፍ እንዲወጣ ሲል ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለው ግንድም ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ወደ ላይ፣ በሳነቴ አምባ አጠገብ ካለው ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ሥር የተወሰደው ደለል እንደሚያሳየው አስታና እሳት በእነዚህ ተራሮች ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት አብረው ኖረዋል። እሳት ራሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ክፋቱ የሚመጣው መመላለሱ ሲበዛ ነው። ዛፍ የነበረው አስታ ሳያድግ በድጋሚ ከተቃጠለ በቁጥቋጦነት ይቀራል፤ ሽበቱንና ሞሱን ያጣል፤ ጉሙን የሚይዘውም አይኖርም። በ1992 ዓ.ም. በድርቁ ወራት የተነሣው እሳት ከአስታው አልፎ በሐረና ደን ውስጥ ለሳምንታት የነደደ ሲሆን፣ በአገሪቱ ከሚታወሱ የደን ቃጠሎዎች ዋነኛው ነው። መንገደኛው በአስታው ውስጥ ሲያልፍ ነጭ ሆነው የቆሙ የደረቁ ግንዶችን ከሥራቸው ከወጣው አረንጓዴ ቡቃያ ጋር አንድ ላይ ያያል።

ሳነቴ፦ ጅብራ ብቻውን የሚቆምበት አምባ

ከአስታው በላይ መሬቱ ይከፈታል። የሳነቴ አምባ ከ3,800 ሜትር ጀምሮ ወደ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው፤ በላዩ ኮረብቶች፣ ኩሬዎችና ቋጥኞች ተበትነውበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ጫፎች አንዱ ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው፤ አፈሩን ያየ ስሙን አይጠይቅም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያልፈው የመኪና መንገድ አምባውን የሚሻገር ሲሆን፣ በአፍሪካ በከፍታ ቀዳሚ ከሆኑት ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬዱ መንገዶች አንዱ ነው።

እዚህ ዓመቱ በአንድ ቀን ውስጥ ይጠቀለላል። ቀትር ላይ ፀሐይ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ኩሬው ይረጋል። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ብርድ ተመዝግቦበታል። በዚህ ምድር ላይ ለመኖር ተክል ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ማነስ፣ ወይ ተጠቅልሎ መግዘፍ።

የመጀመሪያውን የመረጠው ሄሊክሪሰም ሲትሪስፒነም ነው። ብርማ ቀለም ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ እንደ ትራስ ተድቦልቡሎ መሬቱን ይሸፍናል። ጠጉር መሰል ሽፋኑ ፀሐይን ይመልሳል፤ ሙቀትንም ይይዛል። ከሩቅ ሲታይ አምባው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ሲቀርቡ ግን አመዱ በነጭ ደረቅ አበባ የተሞላ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛውን የመረጠው ጅብራ ነው። ይህ ግዙፍ የሎቤሊያ ዝርያ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም፤ ከሰሜን ተራሮች እስከ ባሌ ድረስ በከፍታዎቹ ላይ ብቻ ይበቅላል። ለብዙ ዓመታት የሚታየው በወፍራም ግንድ ላይ የተቀመጠ የሰፋፊ ቅጠል ዘውድ ብቻ ነው። መካከል ላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ተጠጋግተው እምቡጡን ከውርጭ ይሸፍኑታል። ከዚያ አንድ ዓመት ከመካከሉ ረጅም ዘንግ ይወጣል፤ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ያድጋል። ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው አበቦች በዘንጉ ዙሪያ ይደረደራሉ፤ የአበባ ማር የሚመጥጡ ትናንሽ ወፎች በከባድ ብርድ ሳይቀር ይጎበኙታል። ቀጥሎ እንደ አቧራ የደቀቀ ብዙ ዘር ለነፋስ ይለቅቃል፤ ከዚያም ይሞታል። ጅብራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። በሳነቴ ላይ አረንጓዴው፣ ያበበውና የደረቀው ጅብራ ጎን ለጎን ቆመው ስለሚታዩ የአንድ ተክል ዕድሜ በአንድ እይታ ይነበባል።

ስለዚህ ያበበ ጅብራ መቁረጥ ከሌላ አበባ መቁረጥ ጋር አይተካከልም። ሌላው በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፤ ጅብራው ግን ለብዙ ዓመት የተዘጋጀበትን ዘር ሳይዘራ ያልቃል። ለፎቶግራፍ ብሎ ዘንጉን ማጠፍም ያው ነው።

ከአምባው በስተሰሜን፣ በገደል ጉያ ውስጥ፣ ጋርባ ጉራቻ አለ። «ጥቁር ሐይቅ» ማለት ነው። የበረዶ ግግር የቦረቦረው ጎድጓዳ ስፍራ ላይ የተኛ ሲሆን፣ ከሥሩ የተኛው ደለል ወደ 16 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ይዟል። ተመራማሪዎች ከዚያ ውስጥ የአበባ ብናኝ እየለዩ በየዘመኑ በተራራው ላይ ምን ይበቅል እንደነበር አውቀዋል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ቁልቁል ለሚያይ መንገደኛ ውሃው ጠቆር ብሎ ጸጥ ያለ ነው፤ የአበባው መዝገብ ከሥሩ እንደተቀመጠ የሚናገር ነገር የለም።

የአምባው አፋፍ

የሳነቴ ደቡባዊ ጫፍ በድንገት ያበቃል። ሜዳውን ሲያቋርጥ የዋለ መንገደኛ ከአፋፉ ላይ ሲቆም ከእግሩ በታች ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ዝቅታ ያያል። ከላይ ግራጫው የአስታ ቁጥቋጦ፤ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ደን፤ ከዚያ ባሻገር ወደ ቆላው የሚሄድ ሰማያዊ ጭጋግ። ጠዋት ደኑ ጥርት ብሎ ይታያል። ረፋዱ ላይ ከታች የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን እየወጣ ወደ ጉም ይለወጣል፤ ከቀትር በኋላ አፋፉ ላይ የቆመ ሰው ነጭ ግድግዳ ብቻ ያያል። ስለዚህ አስጎብኚዎቹ አፋፉ ላይ በጊዜ መድረስን ይመክራሉ።

ይህ ጉም የእይታ እንቅፋት ብቻ አይደለም። አስታው ላይ የሚንጠለጠለው ሽበት ጉሙን አጥምዶ ጠብታ ያደርገዋል፤ ሞሱ ያጠራቅመዋል፤ አፈሩ ቀስ እያለ ይለቅቀዋል። ዌብ፣ ገናሌ፣ ወልመልና ሌሎችም ወንዞች ከእነዚህ ተራሮች ይነሣሉ ወይም ይመገባሉ። በታችኛው ቆላ፣ በሶማሌ ክልል፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከዚህ ውሃ እንደሚጠቀም ይገመታል።

ሐረና፦ ከእንሶስላ እስከ ቡና

ከአፋፉ ወደ ታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ሪራ መንደር ይደርሳል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነፋሱ ይቆማል፣ አየሩ ይከብዳል፣ ድምፁ ይለወጣል። በመጀመሪያ የሚገኙት ሞስ የለበሱ የአስታና የኮሶ ዛፎች ናቸው፤ ከዚያ የቀርከሃ ጫካ ይከተላል። በቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ ትኖራለች፤ ምግቧ በአብዛኛው የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው፤ ከደቡብ ምሥራቅ የኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ውጭ አትገኝም።

ዝቅ ሲባል ጌተም፣ ዝግባና ወይራ ከፍ ብለው ሰማዩን ይጋርዳሉ። በዚህ ጥላ ውስጥ አበባ ቁጥብ ነው፤ ፀሐይ በሚገባበት ቀዳዳ፣ በጅረት ዳርና በወደቀ ዛፍ አጠገብ ይፈለጋል። እርጥብ በሆነው ቦታ እንሶስላ ይገኛል። አበባው ትልቅና ነጭ ነው፤ ከውስጥ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው፤ ከኋላው ረጅም ቀጭን ጭራ ይወርዳል። ለሴቶች እጅና እግር ማቅለሚያ የሚሆነው ግን አበባው ሳይሆን ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ነው። ለሠርግ የሚቀባው ቀይ ቀለም ከእንዲህ ያለ ነጭ አበባ ሥር መውጣቱ ተክሉን በቦታው ላላየ ሰው አይገመትም። በዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ኦርኪዶች ተጣብቀው ይበቅላሉ፤ ለማየት ቆም ብሎ ወደ ላይ ማንጋጠጥ ይጠይቃል።

ሐረና ከአገሪቱ ትልልቅ የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። አንበሳም ይኖርበታል፤ በጉዞው ላይ የሚታየው እምብዛም ነው። ስለዚህ በደኑ ውስጥ ያለ አስጎብኚ መሄድም ሆነ ከሰፈር ውጭ ማደር አይገባም።

ከ2,000 ሜትር በታች የዱር ቡና ይጀምራል። ማንም አልተከለውም፤ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ፣ ራሱ ዘርቶ የኖረ ነው። የበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ከጣለ ከቀናት በኋላ ቅርንጫፉ ሁሉ በነጭ አበባ ይሞላል፤ ሽታው መንገዱን ይሞላዋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ይረግፋል። አበባው ያለበትን ሳምንት ያገኘ መንገደኛ ዕድለኛ ነው። የአካባቢው ሰው ግን በዕድል አይደለም የሚኖረው፤ የቡናውን ዛፍ አንድ በአንድ ያውቀዋል፣ ፍሬው ሲቀላ ቤተሰቡን ይዞ ገብቶ ይለቅማል።

ከረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች ይታያሉ። ንቦቹ የሚመላለሱት በቡናው ብቻ አይደለም፤ ጌተሙ ሲያብብ በጌተሙ፣ ከላይ አስታው ሲያብብ በአስታው ነው። የማሩ ቀለምና ጣዕም በወቅቱ የሚለወጠውም ለዚህ ነው። ቀፎ ያለው ሰው ዛፉ እንዲቆረጥ አይፈልግም፤ ጥላውን የሚጠብቀው ለቡናው፣ አበባውን የሚጠብቀው ለማሩ ነው። በብዙ ቦታ ደኑን ያቆየው ይህ ጥቅም ነው፤ የጥበቃ ሥራውም የሚዘልቀው ይህን ጥቅም ሲያግዝ ነው።

መንገዱ ከደኑ ወጥቶ ደሎ መና ያበቃል። እዚህ ሙቀቱ የቆላ ነው፤ ሳነቴ ላይ የለበሰው ካፖርት ከታጠፈ ቆይቷል። በከተማዋ ገበያ የሐረና ቡናና የሐረና ማር ይሸጣሉ። ሁለቱም የአበባ ውጤት ናቸው፤ ሁለቱንም ያበቀለው ውሃ ከሳነቴ አፋፍ ጉም የወረደ ነው።